ለተዘጋ ስልክ የቀረበ ጥያቄ

ቢታንያ ዋለልኝ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 መጀመሪያ ላይ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ኦስሎ ተወልዳ ሃውገሩድ በሚባለው ሰፈር ያደገች፣ ስታቲስቲክስ የተማረች፣ መሀል ከተማ ባለ አንድ የሕዝብ አስተያየት መጠይቅ ድርጅት ውስጥ በጊዜያዊ ውል የምትሠራ ልጅ ናት። ጭንቀታም ናት። የሚያውቋት ሁሉ ይህን ይናገራሉ፤ እሷም አትክድም። ኢሜይል ከላከች በኋላ መልሳ መላልሳ ታነበዋለች፤ በር ቆልፋ ከወጣች በኋላ ደረጃውን ወርዳ ስታበቃ ተመልሳ እጀታውን ትነቀንቃለች። አውቶቡስ ነጂው አባቷ ዋለልኝ «አንቺ ሳይመቱሽ የምታለቅሺ» ይላታል።

ያን ሰሞን ግን የምትጨነቅበት እውነተኛ ነገር ነበራት። ዋሽንግተን ያለ አንድ የጥናት ቡድን፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ዕጩዎች የማጣሪያ ምርጫ ቨርጂኒያ ከመድረሱ በፊት የመራጩን አስተያየት ያሰባስብ ነበር። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹን እዚያው ይጠይቃል። ነገር ግን በቨርጂኒያ ዜግነት ያገኙ፣ መምረጥ የሚችሉ፣ በእንግሊዝኛ ረጅም የስልክ ጥያቄ መመለስ ግን የማይመቻቸው ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። የኦስሎው ድርጅት በብዙ ቋንቋ የሚጠይቁ ሠራተኞች እንዳሉት ስለሰሙ የአማርኛውን ክፍል ለእሱ ሰጡት። የቢታንያ አለቃ ማሪት ደግሞ ለቢታንያ ሰጠቻት።

«አማርኛ ትችያለሽ አይደል?»

«ያ» አለች ቢታንያ፣ አዎ ማለቷ ነው፤ እንደ ኦስሎ ልጆች ሁሉ «አዎ» ከአፏ ጠፍቷል።

«ይሄ ጥሩ ከሄደ ስለ ቋሚ ቅጥር እንነጋገራለን» አለቻት ማሪት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቢታንያ ምግብ በደንብ አልበላ አላት።

ጠያቂዎች መመልመል ነበረባት። በመጀመሪያ ትዝ ያላት ጋሽ ተረፈ ነው። ጋሽ ተረፈ የአባቷ የልብ ወዳጅ ነው። ደሴ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ ኖርዌይ ከመጣ በኋላ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሠርቶ ወገቡ ሲብስበት ቀድሞ ጡረታ ወጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግሮሩድ በሚባለው ሰፈር ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ በሚያውሰው ክፍል የሐበሻ ልጆችን ፊደል ያስተምራል። ቢታንያን ሀሁ ያስቆጠራት እሱ ነው። እናቷ ያረፈች ጊዜም ከአባቷ ጎን ሳይለይ የሰነበተው፣ ሬሳው አገር ቤት እንዲሄድ ከአየር መንገዱ ጋር የተጨቃጨቀው፣ ለቀስተኛው ሁሉ ከሄደ በኋላ ወጥ ቤት ገብቶ ዕቃ ያጠበው እሱ ነበር።

ድምፁ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ድምፅ ነው። ቃል አይውጥም፣ ሰዋስው አይስትም። ቢታንያ በልቧ ከዚህ የተሻለ ጠያቂ ከየት ይገኛል አለች።

«ጋሼ፣ ሥራ አለ» አለችው በስልክ። «እየደወልክ ሰው መጠየቅ ነው።»

«ምን ብዬ?»

«ማንን ትመርጣላችሁ ብለህ።»

ጋሽ ተረፈ ከት ብሎ ሳቀ። «እኔ በዕድሜዬ ሐበሻ ይህን ጥያቄ በስልክ ሲመልስ አላየሁም። ግን እንሞክረው። ቤት ተቀምጦ በረዶ ከማየት ይሻላል።»

ሌሎች ጥቂት ሰዎችም ተገኙ። ቢታንያ አሠለጠነቻቸው። ጥያቄው እንደተጻፈ ይነበባል፤ አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም። ሰውየው ቢያመነታ መልስ አይጠቆምለትም። መልስ አልሰጥም ካለ ይመሰገናል፣ እንደ እምቢታ ይመዘገባል። «አላውቅም» ካለ ደግሞ «አላውቅም» ራሱ መልስ ነው። ይህን የመጨረሻውን ደጋግማ ነገረቻቸው፤ እሷ ከምትሠራው ሥራ ሁሉ ይበልጥ የምታምንበት ነገር እሱ ነበርና። አንድ ሰው አላውቅም ያለበትን መጠይቅ ማንም ሰው በራሱ ግምት የመሙላት መብት የለውም።

በቨርጂኒያ ረፋድ ሲሆን በኦስሎ ወደ ማታው ነው። በዚያ ሰዓት ተሰብስበው ጆሮ ማዳመጫ አድርገው መደወል ጀመሩ። ጋሽ ተረፈ እውነቱን ነበር፤ ሐበሻ አይመልስም።

«ስልኬን ማን ሰጠሽ?»

«ኦስሎ? ኦስሎ ቁጭ ብለሽ ስለ ቨርጂኒያ ምርጫ ምን አገባሽ?»

«ምርጫ ምስጢር አይደለም እንዴ እህቴ?»

አንዲት አሮጊት «እግዚአብሔር የወደደውን ያስቀምጣል» አሏት። ቢታንያ ጥያቄውን ደገመችላቸው። «ነገርኩሽ እኮ ልጄ፣ እሱ የወደደውን» አሉ። እሁድ ሲደወል ከወዲያ ቅዳሴ ይሰማል፤ አንዱ በሹክሹክታ «ቤተ ክርስቲያን ነኝ» ብሎ ይዘጋል። ያን ወቅት አገር ቤት ተቃውሞው ተቀጣጥሎ፣ ሰው በየቦታው ይታሰር ስለነበር፣ ብዙዎቹ ከሁሉ አስቀድመው «ከኤምባሲ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። አይደለም ሲባሉም አያምኑም። ቢታንያ ኖርዌይ ተወልዳ ስላደገች ስልክ እንዲህ የሚያስፈራ ነገር ሊሆን እንደሚችል አስባ አታውቅም ነበር። አሁን በየምሽቱ የሌላ ሰው ፍርሃት በጆሮዋ ይገባል።

ሥራው ወደ ኋላ ቀረ። ማሪት በየጠዋቱ «ስንት ደረሳችሁ?» ትላለች። ቢታንያ ቁጥሩን ስትናገር ድምፅዋ ይቀንሳል።

በሁለተኛው ሳምንት ግን የጋሽ ተረፈ ውጤት ድንገት ከፍ አለ። ሌሎቹ ማታውን ሁሉ ደውለው አንድ ሁለት ሙሉ ቃለ መጠይቅ ሲያገኙ እሱ ከእነሱ ብዙ እጥፍ ያገኛል። ማሪት ደስ አላት። «ይሄ ሰውዬ ምን ዓይነት ተሰጥኦ አለው!» አለች ዓርብ ከሰዓት በኋላ። «ቅጂዎቹን አዳምጪና ምን እንደሚያደርግ ለሌሎቹ አሳዪያቸው። ማክሰኞ ውጤቱን መላክ አለብን።»

ቢታንያ ሻይዋን ይዛ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠች። ጥሪዎቹ ሁሉ ይቀረጻሉ፤ ጠያቂው ራሱ የመጨረሻውን ቁልፍ እስኪጫን ድረስ መሣሪያው አይቆምም። የመጀመሪያውን ከፈተች።

የስልክ ጥሪ ድምፅ፤ ከዚያ የሴት ድምፅ፣ «ሄሎ?»

«ጤና ይስጥልኝ፤ ተረፈ እባላለሁ። የምደውልልዎ ከኦስሎ፣ ከአንድ የሕዝብ አስተያየት...»

«አልፈልግም፣ አልፈልግም» አለች ሴትዮዋ። ስልኩ ተዘጋ።

ቢታንያ ቅጂው እዚህ የሚያበቃ መስሏት ነበር። አላበቃም። ትንሽ ፀጥታ ሆነና የጋሽ ተረፈ ድምፅ መጣ፤ ረጋ ያለ፣ ትሑት።

«በመጪው የማጣሪያ ምርጫ ድምፅ ለመስጠት አስበዋል?»

ፀጥታ።

«አመሰግናለሁ። ዛሬ ምርጫ ቢደረግ ከዕጩዎቹ መካከል ማንን ይመርጡ ነበር? ስማቸውን ላንብብልዎ።» ስማቸውን አንድ በአንድ አነበበ። ፀጥታ። የቁልፍ ሰሌዳ ድምፅ። «እሺ። አመሰግናለሁ። በዚህ ምርጫዎ ምን ያህል እርግጠኛ ነዎት?»

እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ሄደ። ዕድሜ ጠየቀ። የቤተሰብ ብዛት ጠየቀ። ለእያንዳንዱ መልስ ሰው ሊያስብበት የሚበቃውን ያህል ጊዜ ሰጠ። በመጨረሻም «ጊዜዎን ስለሰጡን ከልብ እናመሰግናለን፤ መልካም ቀን ይሁንልዎ» አለ፤ ለማንም።

ቢታንያ መጀመሪያ ያሰበችው መሣሪያው የሴትዮዋን ድምፅ አጥፍቶት ይሆናል ብላ ነው። ሁለተኛውን ከፈተች። አንድ ወንድ ይሰድባል፤ ይዘጋል፤ ከዚያ ያው ረጋ ያለ ድምፅ ባዶውን ስልክ ይጠይቃል። ሦስተኛውም እንደዚያው። ሻይዋ ቀዘቀዘ። የተሞሉትን መልሶች አንድ ላይ አደረገችና አየቻቸው፤ አሁን ሲታይ የሚያፈጥጥ ነገር ነበር፣ ሳታየው የቀረችው ቁጥሩ ከፍ በማለቱ ስለተደሰተች ብቻ ነው። ከጋሽ ተረፈ ሰዎች መካከል አንድም «አላውቅም» ያለ የለም። አንድም «እግዚአብሔር ያውቃል» ያለ የለም። ሁሉም የሚያውቁ፣ የቆረጡ፣ ቀልጣፋ መራጮች ነበሩ።

ማሪት ካፖርቷን ለብሳ በበሩ ብቅ አለች። «ምን አገኘሽ? ምስጢሩ ምንድን ነው?»

«ገና ነኝ» አለች ቢታንያ። «ሰኞ እነግርሻለሁ።»

ሃውገሩድ እስክትደርስ ባቡሩ ውስጥ መስኮቱን እያየች ምንም አላየችም። ብትናገር ጋሽ ተረፈ ይባረራል፤ ወሬው በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሃውገሩድ እስከ ግሮሩድ ይዳረሳል። ባትናገር ማክሰኞ ውጤቱ ይሄዳል፤ «የኢትዮጵያውያን መራጮች ይህን ያህል በመቶ እገሌን ይደግፋሉ» ተብሎ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ ሰዎቹ ግን ስልክ ዘግተው የሄዱ ሰዎች ናቸው። ማንም አያውቅም ይሆናል። ደግሞም ያውቅ ይሆናል፤ ቅጂዎቹ ተቀምጠዋል። አንድ ቀን አንድ ሰው ቢያዳምጣቸው «ኃላፊዋ ማን ነበረች?» ይባላል።

ቅዳሜን እንደታመመ ሰው ተጋድማ አሳለፈች። ማታ ላይ አባቷ ምግብ አቅርቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠና «ወይ ብዪ ወይ ተናገሪ» አላት። ተናገረች።

ዋለልኝ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ። ከዚያ «ተሳስተሽ ይሆናል» አለ።

«አልተሳሳትኩም አባዬ። ሰምቼዋለሁ።»

«እና ምን ልታደርጊ ነው?»

«ለማሪት መንገር አለብኝ።»

«ለማሪት!» አለ ዋለልኝ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር እምብዛም አትሰማውም። «አሜሪካኖች ማንን እንደሚመርጡ እንዲያውቁ ብለሽ ተረፈን ልታዋርጂ? እናትሽ ስትሞት ማን ነበር እዚህ ቤት? ማሪት ናት?»

«አባዬ፣ ውሸት ነው እኮ የሚወጣው። በኔ ስም ነው የሚወጣው።»

«ዝም ብለሽ አጥፊው። ጠፋ፣ ተበላሸ በያቸው።»

«እሱም ውሸት ነው።»

ዋለልኝ ሳህኑን አንስቶ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። የውኃ ድምፅ ተሰማ። ቢታንያ ከእንግዲህ አያናግረኝም ብላ ነበር። እሱ ግን ጀርባውን እንደሰጣት «ለነጯ ከመንገርሽ በፊት ለራሱ ንገሪው» አላት። «ከሌላ ሰው እንዳይሰማ። ነገ እኔ አደርስሻለሁ።»

እሁድ በመኪናው ወደ ጋሽ ተረፈ ቤት ወደ ግሮሩድ ሄዱ። ከጫካው ጥግ ካሉት ሕንጻዎች አንደኛው በር ላይ ሲደርሱ ዋለልኝ ሞተሩን አጠፋ፤ ግን ቀበቶውን አልፈታም።

«አትመጣም?»

«ፊቱን ማየት አልችልም» አለ።

በሩን የከፈተችላት የጋሽ ተረፈ ሚስት ሐረገወይን ናት። ስማት፣ ካፖርቷን ተቀብላ፣ «ምነው ከሳሽ?» ብላ ወደ ሳሎን አስገባቻት። ጋሽ ተረፈ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ የልጆቹን የጽሑፍ ልምምድ ያርም ነበር። ብድግ አለ።

«ቢቱ! ምን እግር ጣለሽ?»

«እንደምን ዋሉ ጋሽ ተረፈ» አለች ቢታንያ።

ጋሽ ተረፈ እንደቆመ ቀረ። ከልጅነቷ ጀምሮ «ጋሼ» እያለች በአንተ ስታናግረው የኖረች ልጅ ናት። «ዛሬ አንቱ አልሽኝ» አለ በዝግታ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ «ሐረግ፣ እስቲ ለትንሽ ጊዜ ተይን» አላት።

ሐረገወይን አንዴ እሱን አንዴ ቢታንያን አይታ ወጣች።

ቢታንያ በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋት። «ቅጂዎቹን ሰማኋቸው» ብቻ አለች።

ጋሽ ተረፈ ተቀመጠ። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የሚክድ መስሏት ፈርታ ነበር፤ ቢክድ ምን እንደምትለው አታውቅም። አልካደም።

«ስንቱን ሰማሽ?»

«ሦስት። ከዚያ አቃተኝ።»

«መጀመሪያ ላይ እውነተኛ ነበሩ» አለ። «የመጀመሪያውን ሳምንት በትክክል ነው የሠራሁት። ከዚያ አንዲት ሴት አገኘሁ።» መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገው። «ድምፄን ስትሰማ፣ ያቺን እናንተ ያዘጋጃችኋትን መግቢያ ሳነብላት፣ 'ከመንግሥት ነው? ልጄን ፈታችሁት?' አለችኝ። ልጇ አገር ቤት ታስሯል። እንዲህ ያለ አማርኛ በስልክ የሚናገራት ሰው ከመንግሥት ካልሆነ ከየት ይሆናል? አይደለሁም እመቤቴ፣ ስለ አሜሪካ ምርጫ ነው አልኳት። አለቀሰች። ከዚያ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ እሷ እኔን! 'የፈለግከውን ጻፍ ወንድሜ፣ ብቻ ስሜን አታንሳ' አለችኝና ዘጋች።»

«ያን ቀን ለምን አልነገርከኝም ጋሼ?» አለች ቢታንያ፤ አንቱታው ሳታውቀው ረገፈ።

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ስልክ መደወል ፈራሁ ልበልሽ? አንቺ በየቀኑ ቁጥሩ አልሞላም እያልሽ ትጨነቂያለሽ። ከዚያ በኋላ ስደውል ባያነሱት እያልኩ ነው። ሲዘጉብኝ እፎይ እላለሁ። የፈለግከውን ጻፍ ብላኛለች፤ ጻፍኩ።»

«ግን ለምን ትጠይቃለህ? ማንም በሌለበት ለምን ጮክ ብለህ...»

ጋሽ ተረፈ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ሳልጠይቅ መልስ መሙላት ውሸት መሰለኝ። ቢያንስ ልጠይቅ አልኩ። ድምፃቸውን ሰምቻለሁ፤ አንዱ ወጣት ነው፣ አንዷ ደክሟታል፤ ይቺ ብትመልስ እንዲህ ትል ነበር እያልኩ ነው የጻፍኩት። እንዲያው በዘፈቀደ አይደለም።» ከዚያ ራሱ የተናገረውን እንደሰማው ሁሉ አንገቱን ደፋ። «ያው ነው። አውቃለሁ፤ ያው ነው።»

ቢታንያ ለማሪት መናገር እንዳለባት፣ ማክሰኞ ከመድረሱ በፊት እንደሆነ ነገረችው። ጋሽ ተረፈ አልለመናትም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

«ማሪት መባረሬን ትወስን። ግን ያን ቅጂ አታሰሚያት። ከባዶ ስልክ ጋር ሳወራ ሰው እንዲሰማኝ አልፈልግም። አንቺ መስማትሽ ይበቃኛል።»

«እሺ ጋሼ» አለች። ስትወጣ ሐረገወይን ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ምንም ሳትጠይቅ ካፖርቷን አለበሰቻት።

ሰኞ ጠዋት ለማሪት ነገረቻት። ማሪት ቁጭ አለች። መጀመሪያ አላመነችም፣ ቀጥላ ተናደደች፣ ከዚያ ሥራ ጀመረች። «የእሱ ሁሉ ይወጣል። ለደንበኛው ዛሬውኑ እናሳውቃለን። ቅጂውን ክፈቺልኝ።»

«አማርኛ ነው፣ አይገባሽም» አለች ቢታንያ። «እኔ ተርጉሜ ጽፌ እሰጥሻለሁ።»

«መስማት አለብኝ።»

«ማሪት፣ ባትሰሚው እመርጣለሁ። ቃል ገብቻለሁ።»

«ለማን? ለእሱ?» ማሪት አተኩራ አየቻት። «ቢታንያ፣ አሜሪካኖቹ ነገ ሲጠይቁኝ 'አንዲት ጊዜያዊ ሠራተኛ ነገረችኝ' ልላቸው አልችልም። እሱን የመለመልሽው አንቺ ነሽ። ነገሩን ለራስሽ አታክብጂው።»

ቢታንያ ፋይሉን ከፈተችው። ማሪት ጆሮ ማዳመጫውን አድርጋ ሰማች። ቢታንያ ማየት የምትችለው ፊቷን ብቻ ነበር። ማሪት ቀጥታ ወደ ማያ ገጹ እያየች እስከ መጨረሻው አዳመጠች፤ አላቋረጠችውም። ከዚያ ማዳመጫውን ቀስ ብላ አወለቀች።

«እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው» አለች። የንዴቷ ድምፅ ጠፍቶ ነበር። ጥቂት ቆይታ ግን «ቀሪዎቹን ጠያቂዎችም ማጣራት አለብን» ብላ ጨመረች። «ያንቺንም ጭምር። ይቅርታ፤ ግዴታዬ ነው።»

ጋሽ ተረፈ ከሰዓት በኋላ መሥሪያ ቤት መጣ። ማንም አትምጣ አላለውም ነበር፤ ራሱ ግን ለሥራ እንዳልመጣ አለባበሱ ይናገራል፤ ክራባት አስሯል። ቢታንያ ከፎቅ በመስኮት አይታው ሮጣ ወረደች። ከበሩ ውጭ፣ በረዶው ቀልጦ ውኃ ከሆነበት ላይ ቆመው ተያዩ።

«ነገርሻት?»

«ነገርኳት።»

«ሰማችው?»

ቢታንያ አይ ለማለት አፏን ከፍታ ነበር። ቀላል ነበር፤ በዓለም ላይ ከዚያ የቀለለ ነገር አልነበረም፤ ማሪት አማርኛ አታውቅ፣ እሱ ከእንግዲህ ማሪትን አያገኛት። «ያ፣ ሰማችው» አለች። «እንቢ ብያት ነበር። አልቻልኩም ጋሼ።»

ጋሽ ተረፈ ራሱን ነቀነቀ። ክራባቱን አስተካከለ። «ምን አለች?» አለ በመጨረሻ።

«ትሑት ሰው ነው አለች።»

አንዳች ፈገግታ የሚመስል ነገር ፊቱ ላይ መጣና ሳይደርስ ተመለሰ። መግቢያ ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። «በይ ግቢ፤ ያለ ካፖርት ነው የወጣሽው» አለና ወደ ባቡር ጣቢያው ሄደ።

ቀጣዮቹ ሳምንታት ለቢታንያ ከባድ ነበሩ። ድርጅቱ ከበርገን ከተማ አማርኛ የሚችል አንድ አጣሪ ቀጥሮ የጠያቂዎቹን ሁሉ ጥሪ አስደመጠ። የሷንም። ሰውየው ቢሮ ውስጥ በሩን ዘግቶ ሲያዳምጥ እሷ ከበሩ ወዲህ ተቀምጣ የገዛ ድምፅዋን ታስባለች። ለእኚያ አሮጊት ጥያቄውን ስትደግምላቸው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ይሆን? አንዷ ስታመነታ «እ...» ብላ ጠቁማ ይሆን? ማታ ማታ ሁሉንም ጥሪዎች በጭንቅላቷ ታጫውታለች። አባቷ በበኩሉ ከሥራ ሲመለስ ምግብ ያቀርብላታል፣ የሚናገራት ግን ስለ መንገድና ስለ በረዶ ብቻ ነው። ግሮሩድ ቅዳሜ ትምህርት ለሦስት ሳምንት አልነበረም፤ ወላጆች «ተረፈ ወገቡን አሞት ነው» ተባሉ። ወሬው ወጥቶ ይሆን እያለች የሚያያትን ሐበሻ ሁሉ ዓይን ትመረምር ጀመር። በባቡር ውስጥ ሁለት ሴቶች በአማርኛ ሲንሾካሾኩ ሰማችና ሳይደርስ ወርዳ በእግሯ ሄደች።

አጣሪው የሷንና የሌሎቹን ጥሪዎች ንጹሕ ናቸው አለ። ይሁን እንጂ የጋሽ ተረፈ ሲወጣ የቀረው በጣም ጥቂት ነበር፤ ዋሽንግተኖቹ ከዚህ ቁጥር ምንም መናገር አይቻልም ብለው የአማርኛውን ክፍል ሙሉ በሙሉ ጣሉት። ውጤታቸው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ስለ ኢትዮጵያውያን አንድ ቃል አልነበረበትም። ምርጫው ተደረገ፤ የቨርጂኒያ ድምፅ ተቆጠረ። ቢታንያ ወደ ሥራ ስትሄድ ውጤቱን በስልኳ አየችው። ስልክ የዘጉባት ሰዎች ማንን እንደመረጡ፣ ከናካቴውስ መምረጥ አለመምረጣቸውን የሚነግራት አልነበረም።

በሚያዝያ ማሪት ጠርታ ቋሚ ውሉን ሰጠቻት። «የተናገርሽው ሳይከብድሽ አይደለም፤ አውቃለሁ» አለቻት። ቢታንያ ፈረመች። ሲመሽ ለአባቷ ነገረችው። ዋለልኝ «እንኳን ደስ አለሽ» አለና «ትናንት ተረፈ ጋ ነበርኩ» አላት። «ኳስ አየን። ተሸነፍን። ስላንቺ አልጠየቀኝም፤ ስላንቺ ክፉም አልተናገረም።»

ከዚያ ወዲያ ቢታንያና ጋሽ ተረፈ ለወራት ሳይገናኙ ቆዩ። በመስከረም ላምበርትሴተር በሚባል ሰፈር አንድ የክርስትና ድግስ ነበር። ቢታንያ ከመግባቷ በፊት ከአዳራሹ ውጭ ቆማ፣ ገብቶ ይሆን አልገባ ይሆን እያለች ብዙ ቆየች። ገብቶ ነበር። ከሐረገወይን ጎን ተቀምጦ ሕፃኑን ታቅፏል። አንገቷን ደፍታ ወደ ምግቡ ሰልፍ ሄደች። ትንሽ ቆይቶ ከኋላዋ የምታውቀው ድምፅ መጣ።

«ሥራ እንዴት ነው?»

ዞረች። ጋሽ ተረፈ ሳህን ይዞ ቆሟል። ከስቷል።

«ደህና ነው ጋሼ።»

«ሰው ይመልሳል?»

«አንዳንዱ ይመልሳል። ብዙው አይመልስም።»

«የማይመልሰውንስ?»

«የማይመልሰውን እንተወዋለን።»

ጋሽ ተረፈ ይህን ለጥቂት ጊዜ አሰበበት። ከፊታቸው ያለው ሰልፍ ተንቀሳቀሰ። «ቅደሚ፣ ዱለቱ ሊያልቅ ነው» አላት።